የጀልባዋ መብራት

ስኮርቪክ፣ ከሁለት ተራራ መሐል ባሕር ሰርጎ የገባበት፣
ክረምቱ ሲከብድ ፀሐይ ወር ሙሉ የማትወጣበት፣
እዚያ ነው ኤይለርት ዕድሜውን ሙሉ መረብ የጣለበት፤
ሰው እንደሚለው፣ ጥርሱን የነቀለበት።

ዘይቤ አይደለም፤ ቃል በቃል ነው፤
አንዷን በሲባጎ፣ ታንኳ ላይ ሆኖ፣ ራሱ ነው የነቀለው፤
ሁለቱን ጎረቤት በጉጠት ሲያወጣ አረቄ ነበር ማደንዘዣው፤
ሌሎቹን እኔ ነኝ፤ የመንደሩ ሐኪም፤ ባለ መርፌው።

እናቱ ደግሞ፣ የሃያ ዓመት ሙሽራ ሳለች፣
ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው ጥርሷን በሙሉ አስነቀለች፤
የአባቷ ስጦታ ነበር፣ አዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣
ባሏ ኋላ በሐኪም ወጪ እንዳያለቅስ።
ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፤ ሙሽራው ይስቃል በሙሉ አፉ፤
እሷ ግን ከንፈሯ ግጥም፣ ዝም፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ።

ኤይለርት ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ አፉን በመዳፉ ጋርዶ ነበር፤
ድዱ ያበጠ፣ ሲነኩት የሚደማ፣ ጥርሱ የሻይ ቀለም ድርድር።
«ሃያ አንድ ቀርተውሃል» ብለው፣ «ይውደቁ» አለኝ፤
«ለእነሱ ብዬ ጎንበስ ቀና የምልበት ጉልበት የለኝ።»
«ብሩሽህን አሳየኝ» አልኩት። ከኪሱ አወጣው፤ ደነገጥኩ፤
የመርከብ ወለል መፈግፈጊያ መሰለኝ፤ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።
ፀጉሩ ወደ ጎን የተበተነ፣ ስንት ክረምት ያለፈበት፣
ሞተር ሲጠርግበት የዋለ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸትበት።

«ጥርስ ወለል አይደለም፤ አትፈግፍገው። ለስላሳ ብሩሽ ገዝተህ፣
ድድና ጥርስ የሚዋሰኑበት ድንበር ላይ አጋድመህ፣
ትንንሽ ክብ ሥራበት፣ የሕፃን ጀርባ እንደምታሽ፤
ከኋላ መንጋጋ አለ፣ ሁልጊዜ ከብሩሽ የሚሸሽ።
ምላስህንም ጥረግ፤ ስትጨርስ ትፋ እንጂ አትጉመጥመጥ፤
ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ከብስኩትህ ጋር ተቆራረጥ።
ጧትም ማታም ነው፤ የማታውን ግን ደክሞህም አትዝለለው።»
«ለምን ያህል?» «ሁለት ደቂቃ።» «ሰዓት አላስርም፤ በምን ልለካው?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱ በመስኮት መጣ።
ማታ በሦስት ሰዓት የመጨረሻዋ ጀልባ ስትወጣ፣
መብራቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጀርባ ብቅ ይላል፤
ጥቁሩን ውሃ ያቋርጥና ከትልቁ ዓለት ኋላ ይሰወራል።
የልጅ ልጁ ቶርዲስ በእጅ ሰዓቷ ለካችለት፤
ሁለት ደቂቃ፤ አንዳንዴ ንፋስ ካለ ትንሽ ያልፍበት።
ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ ለመደው፤ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት
ረጅም ሰውዬ፣ አፉ አረፋ፣ ዓይኑ ባሕር ላይ፣ ልክ እንደ ጸሎት።
የጀልባዋ መሪ ሲቨርትም ሲያልፍ አንዴ ብልጭ ያደርግለታል።

አራት ዓመት። ድዱ ጠበቀ፤ ደሙም ቆመ፤
አፉን በመዳፉ መጋረድ መቼ እንደተወ አላስታውስም፤ ብቻ ከረመ።

ከዚያ ድልድይ ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፤ ሙዚቃ ነበር፤ የዓሣ ሾርባ ነበር።
ጀልባዋ ተሸጠች ወደ ሌላ ወደብ፣ ወደ ሌላ ዳር።
በዚያው ማታ ኤይለርት ብሩሹን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆመ።
ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ውሃው ድፍን ብሎ ጨለመ።
ቶርዲስ ሌሊት ውሃ ልትጠጣ ብትነሳ እዚያው አገኘችው፤
አረፋው ቀልቷል፤ እጁ ግን አልቆመም፤ ክንዱን ያዘችው።
«አያቴ! ጀልባ እኮ የለም!»
«አውቃለሁ» አላት፤ «መሄዷን አውቃለሁ። እጄ ነው ያላወቀው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ድልድዩ ጥርሱ ውስጥ ገባ፤
እሱን ደግሞ ብሩሽም አያወጣው፣ ክርም ቢገባ።

በማግሥቱ ማታ ግን ከታች መብራት አየ፤ ትንሽ፣ ዝቅ ያለ፣
ከጀልባ ማሰሪያው ምሰሶ እስከ ዓሣ መጋዘኑ የሚሄድ፣ እየዋለለ።
ቶርዲስ ናት፤ በእጇ ባትሪ፣ በእግሯ የእናቷ ቦት ጫማ፣
በአፏ ብሩሽ፤ እርምጃ እየቆጠረች በጨለማ።
መጋዘኑ ጋ ስትደርስ አንዴ ብልጭ አደረገች፣ እንደ ሲቨርት፤
ከዚያም በረዶው ላይ ትፍ።

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ መጣች፤ አንድም ቀዳዳ የለባትም።
«ሁለት ደቂቃ ትሞያለሽ?» ብላት፣ «እኔ እንኳ ልክ አይደለሁም፤
ሁለት ከሃያ ሰከንድ ነኝ፤ መንገዱ ያንሸራትታል» አለች።
«ግድ የለም» አልኳት፤ «ሃያዋ ለመንጋጋው ትሁን።»